ሃርድቶፕን ለሁለት ሰው ማደሪያ ማድረግ፦ ከባሌስትራ እስከ ባትሪ

#1 ጉዞ_ደቡብ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ረጅሙ ሃርድቶፕ ነው፣ የቶዮታ ላንድክሩዘር ኤችዜድጄ 78። ሞተሩ 1ኤችዜድ፣ 4.2 ሊትር፣ ተርቦ የሌለው። የኋላ የጎን ወንበሮቹ ወጥተዋል። ለሁለት ሰው ማደሪያ ሊሆን ነው። መስመሩ አንደኛው አርባ ምንጭ፣ ኮንሶ፣ ቀይ አፈር፣ ዲመካ፣ ቱርሚ፤ ሁለተኛው ከጎባ በሰናቴ አቋርጦ ደሎ መና።
እቅዱ ይኸው፦ በ18 ሚሜ ኤምዲኤፍ ቋሚ አልጋና ሳጥን፣ ፖርቶመጋላው ላይ 100 ሊትር የውሃ ታንከር (ያለ ፓምፕ ቁልቁል እንዲወርድ)፣ ሁለት ባለ 100 አምፒር ሰዓት የአሲድ ባትሪ፣ 200 ዋት ሶላር፣ 40 ሊትር የ12 ቮልት ፍሪጅ፣ ትንሿ የጋዝ ሲሊንደር። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የማይሆነውን ንገሩኝ።

#2 ደረቅ_ጭነት
ውሃውን ከላይ አውርደው። 100 ሊትር አንድ ኩንታል ነው፤ ሃርድቶፕ ደግሞ ሲፈጠርም ረጅምና ጠባብ ነው። ግማሽ የሞላ ታንከር ከሙሉው ይብሳል፤ ኩርባ ላይ ውሃው ወደ ውጭኛው ጎን ተንዶ መኪናውን ይገፋዋል። ቦታው ወለሉ ላይ፣ ከፊት ወንበሮች ጀርባ፣ ከኋላ አክስል ፊት ነው። ከኋላ አክስል ወዲያ የምትጭነው ማንኛውም ከባድ ነገር የፊቱን ጎማ ያቀለዋል፣ መሪው ይሳሳል።
ኤምዲኤፉንም ተወው። 18 ሚሜ ሙሉ ሉህ (1.22 በ2.44) ወደ 40 ኪሎ ይመዝናል፣ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ኮረኮንች ላይ ቪቱ ቀዳዳውን እያሰፋ ይወጣል። 12 ሚሜ ኮምፔንሳቶ ወደ 20 ኪሎ ነው፤ ከሥሩ 25 በ25፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሜ የሆነ ቱቦላሬ አድርግለት። ቱቦላሬው በሜትር ከአንድ ኪሎ ትንሽ ቢበልጥ ነው።
ሂሳቡን እየው። ሦስት ሉህ ኤምዲኤፍ በኮምፔንሳቶ ሲቀየር 60 ኪሎ ይቀንሳል። ሁለቱ የአሲድ ባትሪዎች ወደ 58 ኪሎ ናቸው፣ በእነሱ ፋንታ አንድ ሊትየም ብታስገባ 12 ገደማ፤ ልዩነቱ 46። ውሃው ከ100 ወደ 60 ሊትር ሲወርድ ሌላ 40። ድምሩ ወደ 146 ኪሎ ነው፤ ሁለት ሰው ማለት ነው። ናፍታውን አትርሳ፤ ሁለቱም ታንክ ባለ 90 ሊትር ከሆነ ሲሞላ 150 ኪሎ አለው።
ሥራው ሲያልቅ ሙሉ ጭነትህን ይዘህ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ውጣ። ፊትና ኋላውን ለየብቻ መዝን። የሚፈቀደው ክብደት መኪናው ላይ በተለጠፈው የፋብሪካ ሰሌዳ ተጽፏል።

#3 ጋሽ_መካኒክ
ደረቅ ጭነት በደንብ ተናግሯል። እኔ ከሥር ልጀምር፤ ብዙ ሰው አልጋውን አሳምሮ ባሌስትራውን በኋላ ያስበዋል።
ቋሚ ጭነትህ 300 ኪሎ አካባቢ ከሆነ አንድ ወፍራም የባሌስትራ ቅጠል መጨመር ትክክለኛው መፍትሔ አይደለም። ያ ቅጠል ለብቻው ይደርቃል፣ ድንጋጤውን ሁሉ እሱ ይቀበላል፣ ቀድሞ ይሰበራል። ለቋሚ ጭነት ተብሎ የተሠራ ሙሉ የባሌስትራ ስብስብ ግዛ። ሶማሌ ተራ ስትሄድ የድሮውን ርዝመትና የቅጠል ብዛት ጽፈህ ሂድ። ጎሚኒዎቹን አብረህ ቀይር። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ዩ ቡሎኖች ደግመህ አትጠቀም፤ አንዴ ተስበዋል።
ከገጠምክ በኋላ 500 ኪሎ ሜትር ላይ መልሰህ አጥብቅ። ይህ ሲረሳ ነው የመሃል ቡሎኑ የሚቆረጠው፤ ዩ ቡሎኑ ይላላል፣ ቅጠሎቹ ይንሸራተታሉ፣ አክስሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ መኪናው አንድ ጎን ይዞ ይሄዳል። ከዳዶው ወደ ቡሎኑ በቀለም አንድ መስመር ስመርበት። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው፤ ጠዋት በባትሪ መብራት አይቶ ለማለፍ ግማሽ ደቂቃ ነው።
ሾካብዞርበሩ ረጅም ኮረኮንች ላይ ይግላል፤ ዘይቱ ሲቀጥን መቆጣጠር ያቆማል። በእጅህ ጀርባ አስጠግተህ እየው። ሦስቱ ትኩስ ሆነው አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ያ ቀዝቃዛው ነው የሞተው።

#4 ጉዞ_ደቡብ
እናመሰግናለን ጋሼ። ኤምዲኤፉና የላዩ ውሃ ቀርተዋል። ጎማው 7.50 በ16 ነው፣ ካላማዳሪ ያለው፣ ቸርኬው ባለ ቀለበት። ነፋሱን ስንት ላድርገው?

#5 ጎሚስታው
አስፋልት ላይ፣ ሙሉ ጭነት፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ከኋላ 50፣ ከፊት 40 ፒኤስአይ አካባቢ። ፒስታ ስትገባ ሩብ ያህሉን ቀንስ፤ ከኋላ 38፣ ከፊት 30። ፍጥነትህን ከ60 አታሳልፍ፣ ምክንያቱም የቀነሰ ጎማ ጎኑ ይተጣጠፋል፣ ይግላል። አስፋልት ላይ አንድ ሰዓት ነድተህ ለካ፤ ከቀዝቃዛው ከ6 ፒኤስአይ በላይ ከጨመረ ወይ ነፋሱ አንሶታል ወይ ጭነቱ በዝቶበታል።
ካላማዳሪ ያለውን ከ25 በታች አታውርድ። ጎማው ቸርኬው ላይ ይሾራል፣ ካላማዳሪውን ይዞት ይዞራል፣ ቫልቩ ከሥሩ ይበጠሳል። የተበጠሰ ቫልቭ አይለጠፍም፤ ስለዚህ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪ ያዝ። ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፦ ባለ ቀለበቱን ቸርኬ ገጠር ያለ ማንኛውም ጎሚስታ በሁለት ብረትና በመዶሻ ይፈታዋል። ካላማዳሪ አልባ ከሆንክ ግን ጠርዙን የሚያስቀምጥ ኃይለኛ ኮምፕረሰር ሊያስፈልግህ ይችላል።
ስለ ቀለበቱ አንድ ነገር፦ የቫልቩን ልብ አውጥተህ ነፋሱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ቀለበቱን አትንካ። ስትሞላም ሰንሰለት በጎማውና በቸርኬው አሳልፈህ እሰር፣ ከፊቱ ገለል በል። ያ ቀለበት ሲፈነጠር ይገድላል።
ከአዲስ አበባ ወደ ቆላ ሲወርዱ ነፋሱ ይለወጣል ወይ ብለው ለሚጠይቁ፦ ከፍታው ሲወርድ የውጭው አየር ይከብድና የመለኪያው ንባብ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ ንባቡ ይጨምራል። ከ2,400 ሜትር እስከ ባሕር ወለል የሚቀንሰው 4 ፒኤስአይ ገደማ ነው፤ ከ15 ወደ 40 ዲግሪ ሲሞቅ የሚጨምረው 5 ገደማ። ይጣፋሉ። ስትደርስ ማታ ቀዝቅዞ ለካና ተወው።

#6 ከሻርጃ
እዚህ አሸዋ ላይ ካላማዳሪ የሌለው ጎማ እስከ 15 እና 18 እናወርዳለን። ካላማዳሪ ካለህ ግን ጎሚስታው ያለው ልክ ነው፤ 25 ላይ ቁም፣ ከጎማው ሥር በሚገባ የአሸዋ ማውጫ ሰሌዳ ተረዳ። ጎማ መሽከርከር ሲጀምር ወዲያው እግርህን አንሳ፤ ሦስት ሰከንድ ተጨማሪ ነዳጅ አክስሉን አሸዋው ላይ ያስቀምጠዋል። ከጎማው ፊት በአካፋ ጠርገህ ሰሌዳውን አስገባ፣ በ4ኤል (አራቱም ጎማ በዝግታና በኃይል ሲነዳ) በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለህ ውጣ። ለክሪኩም ማስቀመጫ ያስፈልጋል፦ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ ሁለት ንጣፍ የተጣበቀ። አለበለዚያ መኪናው አይነሳም፤ ክሪኩ ነው የሚወርደው።

#7 ደረቅ_ጭነት
አሸዋውስ እሺ። ዋልካ ግን ሌላ ነው። ዝናብ የጠጣ መረሬ ላይ ነፋስ መቀነስ ብዙ አይረዳም፤ ጭቃው ጥርሱን ሞልቶ ጎማውን ልስልስ ያደርገዋል። ሰንሰለት ካለህ እሰር፤ ከሌለህ ፀሐይ ሁለትና ሦስት ሰዓት ከመታው በኋላ ሂድ። በደቡብ ኦሞ ደግሞ ደረቅ ወንዝ ውስጥ አታድር። አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ዛፉ ጥላ አለው፣ ሁሉም ያምረዋል፤ ዝናቡ ግን ደጋ ላይ ዘንቦ ደራሹ ጎርፍ አንተ ዘንድ የሚደርሰው ሰማዩ በጠራ ሌሊት ነው።

#8 ቮልት_ቆጣሪ
ወደ ኤሌክትሪኩ። መጀመሪያ መኪናው 12 ይሁን 24 ቮልት በቴስተር አረጋግጥ። ኮፈኑ ሥር ሁለት ባትሪ መኖሩ ምንም አይነግርህም፤ ጎን ለጎን ከታሰሩ 12፣ በተከታታይ ከታሰሩ 24 ነው።
ፍጆታው በቀን፦ ፍሪጁ ሲሠራ 45 ዋት ይወስዳል፤ ቱርሚ ሙቀት ላይ ግማሹን ጊዜ ይሠራል ብለን እንያዝ፣ 540 ዋት ሰዓት። ማራገቢያ 15 ዋት ለ8 ሰዓት 120። ስልክና ላፕቶፕ 120። መብራት 30። ድምር 810። 200 ዋት ሶላር 5 ጥሩ የፀሐይ ሰዓት አግኝቶ፣ ሩቡ በሙቀትና በአቧራ ጠፍቶ፣ 750 ይሰጣል። ትንሽ ይጎድላል። ጉድለቱን የሚሞላው መንዳት ነው፦ ባለ 30 አምፒር የዲሲ ዲሲ ቻርጀር (ከዲናሞው የሚመጣውን መጥኖ ሁለተኛውን ባትሪ የሚሞላው) በሁለት ሰዓት 60 አምፒር ሰዓት፣ ማለትም ወደ 800 ዋት ሰዓት ይመልሳል። ስለዚህ 200 ዋቱ ይበቃሃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን በሶላሩ ብቻ አትተማመን።
ፓኔሉን ፖርቶመጋላው ላይ ስታስር ከሥሩ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተው። ከ25 ዲግሪ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ኃይል ይጠፋል፣ ቆላ ላይ ፓኔሉ ራሱ ከ65 ዲግሪ ያልፋል። ማዘንበል አያስፈልግም፤ እኛ አገር ፀሐይዋ አናት ላይ ነች። የሶላሩ መቆጣጠሪያ (ኤምፒፒቲ) 20 አምፒር ይበቃል።
ሽቦው ላይ ሰው ይቆጥባል፣ እዚያ ላይ ነው የሚከስረው። ከፊት ባትሪ እስከ ኋላ 6 ሜትር፣ ደርሶ መልስ 12። በ6 ካሬ ሚሜ ሽቦ 30 አምፒር ስትልክ ከ1 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ16 ካሬ 0.4 ብቻ። 16 ግዛ። በሁለቱም ጫፍ፣ ከባትሪው 20 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ፣ ባለ 60 አምፒር ፊውዝ አስገባ። ሁለቱም ጫፍ ባትሪ ስለሆነ አንዱ ብቻ አይበቃም። ሽቦው ላሜራ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ጎሚኒ፣ ከዚያ የፕላስቲክ ቱቦ። ንዝረት ሽፋኑን ይልጠዋል፣ ቀጥሎ እሳት ነው። የተቃጠለን ፊውዝ በሲጋራ ወረቀት ወይም በመዳብ ክር የሚጠቀልሉ ሰዎች ይህን ውይይት ባያነቡ ይሻላል።

#9 ደረቅ_ጭነት
ክብደቱን ብዬ ሊትየሙን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ግን በራሴ ላይ አንድ ተቃውሞ። የአሲድ ባትሪ ሶዶም ሐዋሳም ታገኛለህ። ሊትየሙ ጂንካ ላይ ቢሞት ማን ይተካልሃል?

#10 ቮልት_ቆጣሪ
እውነት ነው፤ ሞተር የሚያስነሳው ባትሪ አሲድ ሆኖ ይቆያል፣ እሱን በየትም ትተካለህ። የማደሪያው ባትሪ ቢሞት የሚቀረው ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው። የአሲዱን ግማሽ ብቻ ነው የምትጠቀመው፤ ሁለቱ ተደምረው 1,200 ዋት ሰዓት። አንድ ሊትየም ብረት ፎስፌት፣ 12.8 ቮልት በ100፣ ሰማንያ በመቶውን ብትወስድ 1,000 ገደማ። ልዩነቱ ክብደቱና መሙላቱ ነው። አሲድ የመጨረሻውን 20 በመቶ ለመሙላት ሰዓታት ይፈልጋል፤ በመንዳት መሃል ስለማይሞላ በግማሽ ሆዱ ይኖራል፣ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል።
ሊትየሙን በቀጥታ ከዲናሞው ጋር ግን አታገናኝ። የሚችለውን ሁሉ ይስባል፤ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር ዲናሞው አየር አያገኝም፣ ይቃጠላል። ዲሲ ዲሲው ለዚህ ነው። ሊትየሙ ኮፈን ሥር አይቀመጥም።

#11 የሰናቴ_ነፋስ
ቮልት ቆጣሪ ያላነሳው አንድ ነገር አለ። ሊትየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ መሞላት የለበትም፤ ውስጡ ሊትየሙ ይጋገርና ለዘለቄታው ይጎዳል። ሰናቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጠዋት ፀሐይዋ ፓኔሉን የምትመታው ባትሪው ገና በረዶ እያለ ነው። ብርድ ሲሆን መሙላት የሚያቋርጥ ቢኤምኤስ (የባትሪው የውስጥ መቆጣጠሪያ) ያለው መሆኑን ሳትጠይቅ አትግዛ። ባትሪውን ከወለሉ ላሜራ በ2 ሴንቲ ሜትር ፎም ለይተህ አልጋው ሥር አድርገው፤ የሰው ሙቀት ያግዘዋል።
ሞተሩ ተርቦ ስለሌለው እዚያ ከፍታ ላይ የሚያገኘው አየር ከባሕር ወለሉ ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ጥቁር ጭስ ያወጣል። የናፍታውን ፓምፕ ለማስነካት አትቸኩል፣ ማርሽ ቀንሰህ ውጣ፤ ጭሱ ሲበዛ እግርህን አንሳ። ከሰናቴ ወደ ሐረና ጫካ ስትወርድ በሁለተኛ ማርሽ ውረድ። በፍሬን ብቻ የወረደ ከባድ መኪና ታች ሲደርስ ፍሬኑ ይሸታል፣ ፔዳሉ ይለሰልሳል።
ባዶ ጀሪካን ከፍታው ላይ ከድነህ አትውረድ፤ ደሎ መና ስትደርስ ተጨማዶ ታገኘዋለህ። ከቆላ ሞልተህና አጥብቀህ ከድነህ የወጣኸው ደግሞ ያብጣል፣ በክዳኑ ያንጠባጥባል።

#12 ቡና_በመንገድ
ስለ ኩሽናው እኔ ልበል። ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ቢያመልጥ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። ሲሊንደሩን ከመኪናው ውስጥ ወገን ሙሉ በሙሉ በተዘጋ ሳጥን አስቀምጡት፣ ከሳጥኑ ወለል ወደ ውጭ የሚወርድ 50 ሚሜ ቀዳዳ ይኑረው፤ ከማርሚታው ራቅ ይበል። መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ፈትሹ እንጂ በክብሪት አይደለም። የሚሻለው ግን ምድጃው የኋላ በር ላይ ተንሸራቶ ወደ ውጭ የሚወጣ ሆኖ ውጭ ማብሰል ነው፤ እንፋሎቱም ላሜራው ላይ አይንጠባጠብም።
ከሰል መኪና ውስጥ አይገባም። ጭሱ አልቆ ቀላ ካለ በኋላም ሽታ የሌለው መርዝ ይወጣዋል፣ መስኮት መክፈት አያስተማምንም። ለሙቀት ብርድ ልብስ ጨምሩ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚም በራስ ከፍታ ላይ ይሰቀል።
ሰናቴ ላይ ውሃ በ87 ዲግሪ ይፈላል። ቡናው ይፈላል፣ ሽሮውም ይደርሳል፤ ባቄላና አተር ግን በተራ ድስት ጋዝ ከመጨረስ በቀር አይበስልም። ፕሬዠር ኩከር ያዙ፤ ካልሆነ ጭኮ፣ በሶና ድርቆሽ እሳት አይጠይቁም።
ውሃው 60 ሊትር፣ በሦስት ባለ 20 ጀሪካን። ታንከር አትሥሩ፤ ጀሪካን ወርዶ ከቦኖ ይቀዳል፣ አንዱ ቢበከል ሁለቱ ይተርፋሉ። በእግር የሚረገጥ ፓምፕ ከኤሌክትሪኩ ያነሰ ውሃ ያባክናል። የደፈረሰ ውሃ መጀመሪያ በነጠላ ተጣርቶ ከጠራ በኋላ ውሃ አጋር (በክሎሪን የሚሠራው የውሃ ማከሚያ) ይጨመርበትና 30 ደቂቃ ይቆይ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ይበልጣል። ማፍላትም፣ ክሎሪንም፣ የተለመደው ማጣሪያም አያስወጣውም። ለጥቂት ቀን ጉዳት የለውም፤ በዚያ መስመር ለሚመላለስ ግን የሚጠጣውን ከደጋ መቅዳት ይሻላል።
አጎበር ከ2,000 ሜትር በታች ግዴታ ነው። በሩ ላይ በማግኔት የሚያያዝ አድርጉት፣ መስኮቱ ተከፍቶ እንዲታደር።

#13 ጉዞ_ደቡብ
ተባረኪ እህቴ። አቧራውንስ? የኋላ በሩ ተዘግቶም ሁሉም ነገር ዱቄት ይሆናል። ጣሪያውን ስፖንጅ ላለብሰውም አስቤ ነበር።

#14 ጋሽ_መካኒክ
መኪናው ሲሄድ ከኋላው አየር ያነሰበት ቦታ ይፈጠራል፤ አቧራው በዚያ ተስቦ በኋላ በር ይገባል። መፍትሔው ሁለት ነው፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ቀዳዳውን መድፈን። ማታ ውስጡ ጠንካራ መብራት አብርተህ በሩን ዝጋና ከውጭ ዞረህ እይ፤ ብርሃን የሚወጣበት ሁሉ አቧራ ይገባበታል። የበሩን ጎማ ለመፈተሽ ወረቀት አስገብተህ ዝጋና ሳበው፤ ያለ ትግል ከወጣ ጎማው ሞቷል፣ ወይ ማጠፊያው ወርዷል። የወለሉ መድፈኛዎችና የኋላ መብራቱ ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ሁለተኛ፣ ውስጡን በአየር መሙላት። የኋላ መስኮቶችን ዝጋ፣ የዳሽቦርዱን ማራገቢያ የውጭ አየር ላይ አድርገህ ሁለት ወይም ሦስት ላይ ተው። አየሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲገፋ አቧራው አይገባም። ሌላ መኪና ከፊትህ ካለ ግን ርቀት ጠብቅ፤ አለበለዚያ የሱን አቧራ ነው የምትነፋው።
ስፖንጅ አይሆንም። የሁለት ሰው ትንፋሽ ሌሊት ላሜራው ላይ ውሃ ይሆናል፣ ስፖንጁ ይመጠዋል፣ ጣሪያው ከውስጥ ይዝጋል። ለስፖርት ምንጣፍ የሚሸጠውን ውሃ የማይጠጣ ፎም፣ 10 ሚሜ፣ ላሜራው ላይ አየር ሳትተው ለጥፍ። የበሮቹን የታች ማፍሰሻ ቀዳዳ አትድፈን።
አልጋው ከወለሉ ጋር አይበየድ። በድሮው የወንበር ቡሎን ቀዳዳዎች እሰረው፤ 8 ሚሜ ቡሎን፣ ሰፊ ሮንዴላ፣ ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ። ለቦሎ ምርመራ ስትሄድ ፈትተህ ወንበሩን ትመልሳለህ። ቋሚ ለማድረግ ከፈለግህ ግን ሊብሬው ላይ ያለው የወንበር ቁጥር ስለማይገጥም መጀመሪያ መንገድ ትራንስፖርት ጠይቀህ አስፈቅድ።

#15 ሰርዶ
ከርእሱ አልወጣሁም መሰለኝ፦ ፍሪጄ ሌሊት ራሱን ያጠፋል፣ ባትሪው ግን 12.9 ቮልት ያሳያል። ፍሪጁ ነው የተበላሸው?

#16 ቮልት_ቆጣሪ
ሽቦው ይመስለኛል። 12.9 የለካኸው ባትሪው ላይ ነው፤ ፍሪጁ የሚያየው የራሱ መሰኪያ ላይ ያለውን ነው። በ2.5 ካሬ ሽቦ፣ 5 ሜትር ርቀት፣ ኮምፕረሰሩ ሲነሳ 10 አምፒር ቢስብ 0.7 ቮልት ይጠፋል። የሲጋራ ማቀጣጠያው መሰኪያ ከላላ ሌላ ግማሽ ቮልት ጨምርበት። ከ12 በታች ወረደ፣ ፍሪጁ መኪናው እንዳይሞት ብሎ ራሱን አጠፋ። ኮምፕረሰሩ በሚነሳበት ቅጽበት ቴስተሩን መሰኪያው ላይ አድርገህ እይ።
ሽቦውን በ6 ካሬ ቀይር፣ የሲጋራ መሰኪያውን ጥለህ በሚጠበቅ መሰኪያ ተካ፣ ፊውዙ 15 ይሁን። ከዚያ የፍሪጁን የባትሪ ጥበቃ ዝቅተኛው ላይ አድርገው፤ ከፍተኛው የተሠራው የሚያስነሳው ባትሪ ላይ ለተሰካ ነው። አሁንም ካጠፋ የኮምፕረሰሩን ማናፈሻ አቧራ ጥረግ፣ ዙሪያውንም 5 ሴንቲ ሜትር ክፍት መሆኑን እይ።

#17 ሰርዶ
መሰኪያው ላይ 11.8 አሳየኝ። ሽቦ ልገዛ ነው።